ግራ ያጋባኝ የኋላ ካሜራ

ሥራ ካቆምኩ ገና ስድስት ወር አልሞላኝም። አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። ልጄ ሰላም «አባዬ፣ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ያሳለፍከውን ጻፈው» ብላ ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። ብዙ የምጽፈው ያለ መስሎኝ ነበር። እስክሪብቶ ሳነሣ ግን ስለ ዲናሞውም ሞተር ስለሚያስነሣው ሞተሪኖም የማውቀው ሁሉ ወደ ዳር እያለ፣ እጄ ደጋግሞ የሚሄደው ወደ አንድ የመስታወት ካሜራ ነው። ለምን እንደሆነ እኔም በደንብ አልገባኝም። እስቲ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ሥራ የጀመርኩት መገናኛ አካባቢ በነበረ የአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። የተመደብኩት ጋሽ አምዴ ከሚባሉ ዋና ኤሌክትሪሺያን ሥር ነበር። ጋሽ አምዴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። በኪሳቸው ሁልጊዜ የጥቁር ክር ጥቅል አይጠፋም። ሽቦ ሲቀጥሉ በየጫፉ ቋጠሮ ያስራሉ። ከባትሪ የሚመጣውን ሽቦ አንድ ቋጠሮ፣ ከቁልፍ የሚመጣውን ሁለት ቋጠሮ፤ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን፣ እኛ ማሳ የምንለውን፣ ያለ ቋጠሮ ይተዉታል። እኔ የሽማግሌ ልማድ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ቀለም እያለ ክር ምን ያደርጋል?

በሁለተኛው ዓመቴ ይመስለኛል፣ ከአንድ አውቶቡስ ሥር ተኝተን ስንሠራ ቀይ ሽቦ ይዘው «አረንጓዴው ይሄ ነው አይደል?» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ንጉሤ፣ ቀይና አረንጓዴ ለእኔ አንድ ናቸው። ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ሠሩ?»

«አንተ ዓይንህን ታምነዋለህ። እኔ አላምነውም። ስለዚህ ሁሉን ነገር ሁለቴ አየዋለሁ።»

ሌላም ጠባይ ነበራቸው። መብራት የሠራንለትን መኪና ስናስረክብ፣ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ «በራ ወይ?» እያለ የሚጮህ ሠራተኛ አይወዱም። ራሳቸው ወርደው መኪናውን ይዞሩና እያንዳንዱ መብራት ላይ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ። ፍሬቻው በመዳፋቸው ሥር ብልጭ ሲል ካላዩ ወረቀቱ ላይ አይፈርሙም። እኔም ተማርኩባቸው። ቢያንስ የተማርኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ክፍለ ሀገር የመንገድ ሥራ ተላክሁ። ድንኳን ውስጥ እያደርኩ የግሬደርና የገልባጭ መኪና ሞተሪኖ ስፈታ ስገጥም ስድስት ዓመት ሄደ። አንድ ፊውዝ ለመቀየር ሦስት ቅጂ ወረቀት የሚያስሞላ አለቃም ነበረኝ፤ ለሱ ከዚህ በላይ ቦታ አልሰጠውም። እዚያ የተማርኩት ትልቁ ነገር መስማት ነው። ሞተሪኖ ሊሞት ሲል ድምፁ ይለወጣል፤ ጆሮ ላለው ሰው አስቀድሞ ይነግረዋል። ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ኮተቤ በአንድ የግል ጋራዥ ስቀጠር በዚህ ችሎታዬ ስም አውጥቼ ነበር። ደንበኛ ገና ቁልፍ ሲያዞር «የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል» እለዋለሁ። ስንፈታው አልቆ እናገኘዋለን።

ጡረታ ስወጣ ቤት መዋል ስላልቻልኩ ሲግናል ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየሁ። ነገር ግን ሙያው በእጄ ላይ ተለወጠብኝ። የዛሬ መኪና ሲታመም አይጮህም፣ ዝም ነው የሚለው። ጆሮዬ ሥራ ፈታ። ሰው የሚመጣው ሞተሪኖ ሊያሠራ መሆኑ ቀርቶ ስክሪን ሊያስገጥም፣ ካሜራ ሊያሰቅል ሆነ። እኔም እንጀራ ነውና ለመድኩት። በተለይ የመስታወት ካሜራ የሚባለው በጣም ተፈላጊ ነበር። ይህ ዕቃ የውስጡን ስፖኪዮ የሚመስል ረጅም መስታወት ነው፤ በነባሩ ስፖኪዮ ላይ ተደርቦ በጎማ ይታሰራል። ፊቱን ስትነካው ስክሪን ይሆናል። አንዱ ዓይኑ ከፊት ያለውን መንገድ ይቀርጻል፤ ሁለተኛው፣ ትንሿ ካሜራ፣ ከኋላ ታርጋው በላይ ትተከላለች፤ ሁለቱም የሚቀርጹት መስታወቱ ውስጥ በምትገባ ትንሽ ካርድ ላይ ይቀመጣል። ማርሽ ኋላ ሲገባ ስክሪኑ በሙሉ የኋላውን ያሳያል፤ ርቀት የሚጠቁሙ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መስመሮችም ይመጡበታል።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የኋላው ገመድ ከመስታወቱ ተነሥቶ በጣሪያው ጨርቅ ውስጥ ለውስጥ ማለፍ አለበት። ጨርቁን በካቻቢቴ ከፈለቀቅከው ይቀደዳል፤ የፕላስቲክ መፍቻ ይፈልጋል። የኋላው በር የሚታጠፍበት ጎማ ጋ ሲደርስ ገመዱን ትንሽ ልል ካላደረግከው በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየተሳበ ይበጠሳል። ከኋላ ካሜራዋ የምትወጣ አንዲት ቀጭን ቀይ ሽቦ አለች፤ ከማርሽ ኋላ መብራት ጋር ትቀጠላለች። እሷ ካልተያያዘች መኪናው ወደ ኋላ እንደሚሄድ ስክሪኑ አያውቅም። ኃይሉን ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚሠራ ፊውዝ መውሰድ ነው፤ አለበለዚያ ጠዋት ባትሪው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ይህን ሁሉ ጥንቅቅ አድርጌ እሠራ ነበር። ጥቁር ክርም አስር ነበር።

ወይዘሮ ዘነበች የመጡት በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። ካራ የሚኖሩ፣ እዚያው አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው። አሮጌ ነጭ የቤት መኪና አላቸው።

«ጋሽ ንጉሤ፣ አንገቴ አልዞር ብሎኛል። ወደ ኋላ መሄድ ሲኖርብኝ ሰው እለምናለሁ። ይሄን ነገር ይግጠሙልኝ» አሉኝ።

ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ እሳቸውን ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ከመኪናው ኋላ በግራ በኩል ሄጄ ቆምኩ።

«ያዩኛል?»

«አይዎታለሁ። ግን በቀኝ ነው ያሉት።»

ሄጄ አየሁት። እውነትም ስክሪኑ ግራውን ወደ ቀኝ አዙሮታል። ስፖኪዮ የለመደ ሰው በዚህ ቢነዳ አንድ ቀን ይጋጫል። የስክሪኑ ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ደቃቅ ነው። መሪ ኮንዶሚኒየም ወደምትኖረው ልጄ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ሴቲንግ ውስጥ ግባ። ሪር ካሜራ የሚለውን ንካው። ከሱ ሥር ሚረር የሚል አለ፣ ኦን አድርገው» አለችኝ።

አደረግሁት። ተመልሼ በግራ ቆምኩ። ወይዘሮ ዘነበች «አሁን በግራ ነዎት» አሉና ፈገግ አሉ። እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ። ያ ምርጫ የለወጠው በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ብቻ ይሁን፣ ወይስ በካርዱ ላይ የሚቀረጸውንም፣ አልጠየቅሁም። መጠየቅ እንዳለበትም አላሰብኩም።

ክረምቱ እየገፋ ሄዶ፣ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ የካራን መንገድ በሸፈነበት አንድ ጠዋት ወይዘሮ ዘነበች ደወሉልኝ።  ወደ ቤታቸው የሚያስገባውን ቅያስ በጉሙ ምክንያት አልፈውት፣ ቀኝ ዳር ይዘው ይቆማሉ። ከዚያ ማርሽ ኋላ አስገብተው ወደ ኋላ መሄድ ሲጀምሩ፣ ከኋላቸው ይመጣ የነበረ ባጃጅ ይገለበጣል። ከመኪናው ጋር አልተነካካም። ሾፌሩ ክንዱ ተሰብሯል። ትራፊክ ፖሊስ ሲደርስ ሰው ባጃጁን አንሥቶ፣ መንገዱን ከፍቶ ስለነበር ፕላን ማንሣት፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ለክቶ መሣል፣ አልተቻለም። አሁን ፖሊሱ የካሜራውን ቅጂ ይፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ካርዱን እንዴት እንደሚያወጡት አያውቁም።

በማግስቱ ካርዱን አውጥቼላቸው አብረን ጣቢያ ሄድን። ጉዳዩን የያዘው የትራፊክ ሳጅን ቅጂውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። የባጃጁ ሾፌር ገመቹም ነበር። ዕድሜው አርባ አካባቢ ነው። ቤተሰቦቹ ካራ ላይ ገበሬ ነበሩ፤ መሬቱ ቤት ሲሠራበት እሱ ወደ ባጃጅ ዞረ። ክንዶቹን የሸፈነ ጋቢ ትከሻው ላይ ደርቦ ግድግዳው ጋ ቆሟል።

ምስሉ ላይ ከጉምና ከውሃ ጠብታ በቀር ብዙ የሚለይ ነገር የለም። በምስሉ ግራ በኩል የባጃጁ መብራት ይመጣል፣ ይቀርባል፣ ይዞራል፣ ይወድቃል። ከዚያ አንድ ሰው ክንዱን ደግፎ ይነሣል። ይኸው ነው።

«ጥያቄው አንድ ነው» አለ ሳጅኑ። «ባጃጁ በመኪናዋ ግራ፣ በአስፋልቱ በኩል እያለፈ ከነበረ፣ ጥፋቱ ሳያዩ ወደ ኋላ የሄዱት የወይዘሮዋ ነው። በቀኝ፣ በቦዩና በመኪናዋ መካከል ሊሾልክ ከነበረ ግን ጥፋቱ የሱ ነው። ጋሼ፣ የገጠሙት እርስዎ ነዎት። ይሄ የትኛው ጎን ነው?»

አሰብኩ። ካሜራው የሚያየው ወደ ኋላ ነው፤ ፊቱን እንዳዞረ ሰው ማለት ነው። ፊቱን ላዞረ ሰው ግራ የሆነው ለመኪናው ቀኝ ነው። በጣቴ አየር ላይ መኪና ሣልኩ፣ አዞርኩት፣ መልሼ አዞርኩት። ያው ሆነብኝ።

«በቀኝ ነው። በቦዩ በኩል» አልኩ።

ገመቹ ቀና አለ። «እኔ በግራ ነበርኩ» አለ።

«ወንድሜ፣ ካሜራ አይዋሽም» አልኩት። በክፋት አልነበረም። የማውቀውን የተናገርኩ መስሎኝ ነው። ወይዘሮ ዘነበች መሬት መሬት ያያሉ።  ሳጅኑ ያልኩትን ጻፈና አስፈረመኝ። የገመቹ መንጃ ፈቃድና ባጃጁ ጣቢያ ቀሩ።

ሥራውን ጨርሶ እንደወጣ ሰው ቀለል ሊለኝ ሲገባ አልቀለለኝም። «በግራ ነበርኩ» ያለበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። የሚዋሽ ሰው ይጮሃል፣ ይምላል፤ ይሄ ሰውዬ አንዴ ተናግሮ ተወው። ጥፋቱ የሱም ቢሆን ሰው ተጎድቷል ብዬ በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ካራ ወጣሁ።

ሚስቱ ጫልቱ በሩን ከፈተችልኝ። «አካም ጅርቱ?» አልኳት፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ፤ ቢሆንም እንግዳ ነኝና አስገባችኝ። ገመቹ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እጁን ለሰላምታ ዘረጋልኝ። የዘረጋው ግራ እጁን ነው። ቀኙ እስከ ክርኑ በጄሶ ታስሯል።

«የተሰበረው ቀኙ ነው?» አልኩት።

«ቀኙ ነው። ባጃጁ በቀኝ ነው የወደቀብኝ።»

ግራ ገባኝ። በቪዲዮው ያየሁት ሰውዬ የደገፈው ግራ ክንዱን ነው። እርግጠኛ ነበርኩ። ለአፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ጄሶውን ለማታለል ያሰረው ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ግን ማን ያልተሰበረ ክንዱን በጄሶ ያስራል? ጫልቱ ያቀረበችልኝን ሻይ ሳልጨርስ ተነሣሁ። ታክሲ ውስጥ ሁለት እጆቼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አንዱን ከአንዱ ስለይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሸሸችኝ።

በቀጥታ መሪ፣ ሰላም ቤት ሄድኩ። ለፖሊሱ ካርዱን ስንሰጥ ቅጂውን እሷ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጠነው ነበር። የጉሙን ቪዲዮ ተዪውና ሌላ ቀን የተቀረጸ ክፈቺልኝ አልኳት። ፀሐይ ያለበት አንድ ከፈተች። ከወይዘሮ ዘነበች መኪና ኋላ አንድ የጭነት መኪና ተጠግቶ ቆሟል። ታርጋውን ላነብ ሞከርኩ። አልቻልኩም። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና ሞከርኩ።

«አባዬ፣ ቁጥሩ ተገልብጧል እኮ» አለች ሰላም። «ሪኮርዱም ፍሊፕ ሆኗል። ያኔ ኦን ያደረግነው ነገር ስክሪኑን ብቻ አልነበረም ማለት ነው።»

«ስለዚህ ግራው?»

«ግራው ግራ ነው። እንደ ስፖኪዮ።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ገመቹ በግራ ነበረ። እኔ በፊርማዬ ወደ ቀኝ አዙሬዋለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልደብቅ አልፈልግም። በዚያው ቀን ጣቢያ አልሄድኩም። ሁለት ቀን ቆየሁ። አንዴ «ምናልባት አሁንም ተሳስቼ ይሆናል» እላለሁ፤ አንዴ የወይዘሮ ዘነበች ፊት ይመጣብኛል፤ አንዴ ደግሞ አርባ ዓመት ያቆየሁት ስም። በሦስተኛው ቀን ለወይዘሮ ዘነበች ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው።  

«መኪናውን ይዤ ልምጣ?» አሉኝ።

«ቢመጡ ጥሩ ነው» አልኳቸው።

ሳጅኑ አልተደሰተም። «ጋሼ፣ ባለፈው ፈርመዋል እኮ። ዛሬ ግራ፣ ነገ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?»

«እኔን አትመነኝ፤ ራስህ እየው» አልኩት። መኪናው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆመ፤ ካርዱም ተመልሶ ገባበት። እኔ ከኋላው በግራ በኩል ሄጄ ፊቴን ወደ መኪናው አድርጌ ቆምኩና ቀኝ እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ካፊያ ነበር። እዚያ እጄን ሰቅዬ ስቆም የሚያልፉ ፖሊሶች ምን እንደመሰላቸው አላውቅም። ካርዱን አውጥተን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትነው። በምስሉ ግራ በኩል እኔ ቆሜያለሁ፤ ባጃጁ በነበረበት በኩል። እጄም ተነሥቷል።

«ያነሡት ቀኝዎን አይደል?» አለ ሳጅኑ።

«ቀኜን ነው።»

«እዚህ ግን ግራዎን ይመስላል።» ሁለት ሦስት ጊዜ መልሶ አየው። እሱም የራሱን እጆች ማየት ጀመረ። ከዚያ አዲስ ወረቀት አወጣ።

ጥፋቱ ወደ ወይዘሮ ዘነበች ዞረ። ገመቹ መንጃ ፈቃዱም ባጃጁም ተመለሰለት፤ የሕክምናውን ነገር መድን ያዘው። ወይዘሮ ዘነበች አዲሱን ቃል ፈርመው፣ እኔን ቀና ብለው ሳያዩ ወጡ። አልተቀየምኳቸውም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ነጯ መኪና ሱቄ በር ላይ ቆመች።

«ካሜራውን ይንቀሉልኝ» አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች።

«አልሠራ አለ?»

«ይሠራል።»

መፍታት ጀመርኩ። የኋላ ካሜራውን አወጣሁ፣ ቀዩን ሽቦ ከማርሽ ኋላ መብራት ለየሁ፣ የጣሪያውን ጨርቅ እያላቀቅሁ ገመዱን ወደ ፊት መሳብ ጀመርኩ። እሳቸው ከጎኔ ቆመዋል።

«ጋሽ ንጉሤ፣ ያን ቀን እኔ ስክሪኑ ላይ ያየሁት በግራ ነበር» አሉኝ።

እጄ ቆመ። «ታዲያ ለሳጅኑ ለምን አልነገሩትም?»

«እርስዎ በቀኝ ነው ሲሉ የተሳሳትኩ መሰለኝ። እርስዎ ባለሙያ ነዎት።» ቀጠሉ፦ «ደግሞም መሳሳቴ ደስ አለኝ። የቱ እንደቀደመ እስከ ዛሬ አላውቅም። መጀመሪያ እርስዎን አምኜ ነው ደስ ያለኝ፣ ወይስ ደስ ስላለኝ ነው ያመንኩዎት?»

  ገመዱን ጠቅልዬ ጨረስኩ።

«የገመቹን ቤት ያውቁታል አይደል?» አሉኝ።

ሱቁን ቆልፌ አብሬያቸው ሄድኩ። ገመቹ ደጁ ላይ ባጃጁን እያጠበ አገኘነው። ጄሶው ተፈትቷል፤ ክንዱ ግን ገና ቀጭን ነው። ወይዘሮ ዘነበች ፊቱ ቆሙ።

«በግራ ነበርክ። አይቼህ ነበር» አሉት።

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ አደረገ። «አውቃለሁ» አለ። «ከመገልበጤ በፊት የፍሬንዎ መብራት በርቶ ነበር። ሳያዩኝ ፍሬን አይይዙም።»

እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ የፍሬኑን መብራት አላሰብኩትም። አንድም ሰው አልጠየቀውም። «ታዲያ ያኔ ጣቢያ ለምን ይሄን አልተናገርክም?» አልኩት።

ገመቹ አየኝ። አልተቆጣም። ነገሩ እንዴት እንዳልገባኝ የደነቀው ይመስላል።

«እርስዎ ካሜራ አይዋሽም አሉኝ እኮ» አለ።